ከአዋሽ ወዲህ የቀሩት አከራዬ

ዛሬም ውሻ ታስሮ እንኳ ሳየው መንገድ እለውጣለሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። የምፈራው ንክሻውን ብቻ ይመስላቸዋል።

በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ነበር። የምኖረው ጫት ነጋዴ በሆኑ አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል፤ እናት እንደማለት ነው። ልጅ ስላልነበራቸው እኔን እንደ ልጅ ይቆጡኛል፤ ቁርስ ሳልበላ ከወጣሁ በር ላይ ቆመው ለመንገደኛው ሁሉ ይከሱኛል።

አንድ ጠዋት የግቢውን በር ስከፍት፣ አጥንት እየወረወርንለት ያደገ የሰፈር ውሻ ለሃጩ እየተዝረበረበ ገባ። ጅራቱን አልቆላልኝም። «ምነው ዛሬ ኮራህ?» ብዬ ሳልጨርስ ባቴን ዘነጠለው። አዴ እየጮሁ መጡና በባዶ እጃቸው አንገቱን ይዘው ጎተቱት። እኔን ሲለቅ የእሳቸውን እጅ ነከሰ። ጎረቤት በዱላ ደርሶ እዚያው ገደለው።

እጃቸው እየደማ መጀመሪያ ያጠቡት የእኔን እግር ነው። በሃይማኖታቸው የውሻ ምራቅ ነጂስ ነው፤ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ያንን ሁሉ አደረሱና «አሁን ደግሞ በሳሙናሽ ድገሚው» አሉኝ። የራሳቸውን እጅ ግን ለቅለቅ አድርገው ሳይጨርሱ ጎረቤት ከበባቸው፤ መድኃኒት አዋቂም ተጠራ። ሰውየው ቅጠል ጨምቆ አጠጣቸው፣ ቁስሉን በዚያው ቅጠል አሰረና «የሚፈስ ወንዝ እንዳትሻገሪ፣ መድኃኒቱ ይረክሳል» ብሏቸው ሄደ።

ጤና ጣቢያው ያለው ነርስ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «መታጠቡ ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ውሻው ያበደ ነው። መርፌው እዚህ የለም፤ ሁለታችሁም ውላችሁ ሳታድሩ አዲስ አበባ ሂዱ» አለን። እንደምንም የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ አወጣሁ። አዴን ግን እሺ ማሰኘት ጭንቅ ሆነ። አልቅሼ፣ ተቆጥቼ፣ «እርስዎ ካልሄዱ እኔም አልሄድም» ብዬ ነው በመጨረሻ አውቶቡስ ላይ ያወጣኋቸው።

በጋ ነበርና የመንገዱ ወንዞች ሁሉ ደርቀዋል። አንዱን ባለፍን ቁጥር በመስኮት አይተው «ይሄ አሸዋ ነው እንጂ ወንዝ አይደለም» እያሉ ይስቃሉ። እኔም አብሬ ስቄ ልቤ አረፈ።

ቦርደዴ ላይ አውቶቡሱ ለሻይ ቆመ። ከኋላችን የተቀመጡ ሽማግሌ የአዴን እጅ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። አዴ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። «ታዲያ መድኃኒት ጠጥተሽ አዋሽን ልትሻገሪ ነው? ሞትሽን ፍለጋ ነው እንዴ የምትሄጂው?» አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ «እውነታቸውን ነው» አለ። እኚያ ሽማግሌ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለአዴ አዝነው ነው የተናገሩት። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

አዴ ጨርቃቸውን አንስተው ወረዱ። ተከትዬ ወርጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ተነሽ ልጄ፣ ሰው ያያል» አሉኝ። «አንቺ መድኃኒት አልጠጣሽም፣ ወንዝ አንቺን ምን ያደርግሻል? ሂጂ ተወጊ። ወላሂ፣ ካልሄድሽ ያንን ውሻ በከንቱ ነው የያዝኩት።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ተሳፈርኩ። አዋሽ ድልድይ ላይ ስንደርስ አጎንብሼ አየሁት፤ ውሃው ቀጥኖ በድንጋዩ መሃል ይሄዳል።

ሆዴን ስወጋ ሰንብቼ ስመለስ አዴ በር ላይ በእልልታ ተቀበሉኝ። እጃቸው ድኗል። «ሆድሽን ወንፊት አደረጉት አሉ! እኔ ግን ይኸው» እያሉ ጠባሳውን ያሳዩኛል። ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ነርሱን ታዘብኩት።

ከዚያ ጠባሳው ያሳክካቸው ጀመር። አንድ ቀን ለዐሱር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ፣ ሊታጠቡ ሲሉ ማስታጠቢያው ከእጃቸው ሲወድቅ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ግድግዳውን ተለጥፈው፣ መሬት ላይ የሚፈሰውን ውሃ እያዩ ጉሮሯቸው ይንዘፈዘፋል።

«ከፊቴ አንሺልኝ» አሉ። «ምንድነው ይሄ? ውሃ እኮ ነው!»

አፈር ጣልኩበት፣ በጨርቅ ሸፈንኩት። ነርሱ መጥቶ አያቸውና ወደ ውጭ ጠርቶኝ ራሱን ነቀነቀ። ተመልሼ ስገባ ትንሽ ጋብ ብሎላቸዋል። ደረቅ አፈር በሳህን አምጪልኝ አሉ። ውሃ ያጣ ሰው በአፈር ነው የሚነጻው፤ መዳፋቸውን አፈሩ ላይ መታ አድርገው ፊታቸውን አበሱ፣ እጆቻቸውን አበሱ፣ ተቀምጠው ሰገዱ። የታመመችውን እጃቸውን ይዤ አጠገባቸው ቆየሁ። ድምፃቸው ሻክሮ ነበር።

«ልጄ፣ አዋሽ ስትሻገሪው ብዙ ውሃ ነበረው?»

መዋሸት ነበረብኝ። አልመጣልኝም።

«ትንሽ ነው፣ አዴ።»

አፈር የነካ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ትንሽ» አሉ።