ቦራን ያረደው እጅ

ባለፈው ቅዳሜ የአጎቴን የአያ አለምነውን ሙት ዓመት ወረታ ውስጥ ዘከርን። ድንኳኑ የተተከለው ከደብረ ታቦር መገንጠያ ብዙም በማይርቀው በልጁ ግቢ ነበር። ውጭ ባጃጁ ይጮኻል፤ ውስጥ ጸበል ጻድቁ ይታደላል። ሰው በልቶ ሲያበቃ ልጁ ከኪሱ አንዲት ሰንጢ አወጣ።

«አባቴ በዚች ላም አርዷል። በዚች! እዩአት እስቲ፣ ሽንኩርት እንኳ የምትልጥ አትመስልም» አለ።

ሰው ሳቀ። ሰንጢዋ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች እኔ ጋ ስትደርስ እጄን ከነጠላዬ አላወጣሁም። ከጎኔ ያለው ሰው ተንጠራርቶ ወሰዳት።

ያቺ ሰንጢ የአባቴ ነበረች። ከሁሉ በፊት ይህን ልበል።

አባቴ በፎገራ ሜዳ ባለች አንዲት ደብር የሚያገለግል፣ ብራና ላይ የሚጽፍ ቄስ ነበር። ሰንጢዋ የበሬ ቀንድ እጀታ አላት፤ ስለቷ ከመሐል ጣቴ ብዙም አይረዝምም። መቃ ቆርጦ ብርዕ የሚቀርጸው በሷ ነው። እግራችን ላይ የተሰካ እሾህ ያወጣባታል፣ የጆንያ ስፌት ይተረትርባታል፣ ለበሬዎቹ ጠፍር ይቀድባታል። መስከረም ላይ ሸንኮራ ልጦ አንጓ አንጓውን ይሰጠኛል። ጥፍሬንም የቆረጠልኝ በሷ ነው። የማይቆርጥባት ሥጋ ብቻ ነበር። «ይቺ የቅዱስ ቃል ብርዕ የምታወጣ ናት፤ ሥጋ አይንካት» ይለን ነበር። ሲሞት ማንም ሳይሰጠኝ ወስጄ በመቀነቴ ቋጠርኋት። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።

ያን ጊዜ ሜዳው እንደ ዛሬው ሁሉ ሩዝ አልነበረም፤ ሣርና ከብት ነበር። ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ ወንዶቹ ከብቱን እየነዱ ወደ ዳገቱ ይወጣሉ፤ ውኃው ሳይሸሽ አይወርዱም። መንደር ውስጥ ሴትና ሕመምተኛ ይቀራል። በዚያ ዓመት አጎቴ ወባ ጥሎት ቀረ። ላማችን ቦራም እግሯን እያነከሰች መንገዱን ስላልቻለች ከእኛ ጋር ቀረች።

ፍልሰታ ከተፈታ ሳምንት አልፎት ነበር። አንድ ጠዋት ቦራን ከቤታችን በታች ካለው ማጥ ውስጥ በጎኗ ወድቃ አገኘናት። የፊት እግሯ ተሰብሯል። አፍንጫዋ ላይ ጭቃ ደርቋል፤ ትንፋሿ ይንኮራኮራል። ሌሊቱን ሙሉ እዚያ እንደነበረች ያስታውቅ ነበር።

ሳትታረድ ከሞተች በክት ናት፤ የአሞራ ቀለብ ነው የምትሆነው። ከታረደች ግን መንደር የቀሩት ሴቶች ሥጋዋን ይካፈላሉ፣ ባሎቻቸው ሲወርዱ በምላሹ ማሳችንን ያጭዱልናል። አባቴ ከሞተ ወዲህ የሚያጭድልን ሰው አልነበረም። ማሳው ካልታጨደ ከርሞ የምንበላው የለም። ይህን ደግሞ እናቴ መናገር አላስፈለጋትም። ሴት አታርድም፤ ሴት ያረደችውን የሚበላ የለም። በመንደሩ የነበረው ወንድ አጎቴ ብቻ ነው።

ጋቢውን ተከናንቦ መጣ።

«ካራ አምጪ» አላት እናቴን።

«ካራውን ወንዶቹ ይዘውት ወጡ እኮ፣ አያ።»

ይህን ስትል ወደ መቀነቴ አየች። ፈትቼ ሰጠሁ።

እናቴ የቦራን ቀንድ ይዛ አንገቷን ወደ ምሥራቅ አዞረች። አጎቴ «በስመ አብ» ብሎ አንዴ ሳብ አደረገ። ቆዳዋ ብቻ ተጫረ። ቦራ አቃሰተች። ሰንጢዋ ከእጁ ወደቀች፤ ፊቱን አዞረ።

«ወባው ነው። እጄን አልይዝ አለኝ» አለ።

ወባው ነበረበት፣ አልዋሽም። እጁ ግን ያለ ወባም ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እንጉዳይ፣ አንሺያት» አለች እናቴ።

«እኔ?»

«ቀንዷን ብለቅ ትነሣለች። አንሺና ቁረጪ።»

«እምዬ፣ ሴት...»

«ትንፋሿ እያለቀ ነው። ቁረጪ!»

ቆረጥሁ። ስለቷ አጭር ስለነበረች ብዙ ጊዜ መመላለስ ነበረብኝ። ደሙ ሞቃት ነበር፤ ጭቃው ቀዝቃዛ። ስለዚያ ቀን የማስታውሰው ስሜት ይህ ብቻ ነው። አልፈራሁም፣ አላለቀስሁም። የሌላ ሰው እጅ ሲሠራ የማይ ይመስለኝ ነበር።

ሲያልቅ አጎቴ ዞረ። «በስመ አብ ያልሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ያረድሁት እኔ ነኝ» አለ።

«እርስዎ ነዎት፣ አያ» አለች እናቴ። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ይዛ ደሙ ውስጥ ነከረቻቸው። እኔን ወደ ቦዩ ወሰደችና እስከ ክርኔ አጠበችኝ። ጥፍሬ ሥር የቀረውን በሣር አወጣችው። ሰንጢዋን ለአጎቴ አስያዘችው፤ አራጅ ባዶ እጁን አይታይም ብላ። ሴቶቹን የጠራቻቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰንጢዋን አልመለሰልኝም። አንድ ጊዜ ሄጄ ብጠይቀው «ሴት ልጅ በሰንጢ ምን ትሠራለች?» አለኝ። ጎረቤት በተሰበሰበ ቁጥር ቦራን እንዴት እንዳረደ ያወራል፤ በየዓመቱ ላሟ ትተልቃለች። ተምሬ፣ ወረታ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያንኑ ወሬ ሰማሁ። እናቴ መሞቻዋ አካባቢ ሁለታችን ብቻችንን ሳለን «እምዬ፣ ቦራን ማን ነው ያረዳት?» አልኋት። «አጎትሽ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልጠየቅሁም።

የቅዳሜው ዝክር ሲበተን የድሮ ጎረቤታችን እማሆይ የሺ ክንዴን ይዘው እስከ መንገዱ እንድሸኛቸው ጠየቁኝ። በዚያ ቀን ሥጋ ከተካፈሉት ሴቶች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ያ አለምነው ላም አረደ ይሉናል እንጂ» አሉ እየሣቁ፣ «ዶሮ ሲያርድ ዓይኑን ይጨፍን አልነበር?»

ቆምሁ። «ያውቁ ነበር?»

«ኧረ ሁላችንም! ስንመጣ ያንቺ ቀሚስ እስከ ጉልበትሽ ደም ነው፤ የሱ ጋቢ ወተት መስሏል። እናትሽ እጅ ታጥባለች እንጂ ቀሚስ አላየች።»

«ታዲያ ለምን በላችሁ?»

«ልጆቻችን ርቧቸው ነበራ፣ እንጉዳይ። እናንተስ ማሳው ሳይታጨድ ልትቀሩ ነበር? ለባሎቻችን አልነገርንም፣ በቃ። ለንስሐ አባቴ ግን ነግሬያለሁ። አንድ ሳምንት ስገጂ አሉኝ፤ ሰገድሁ።» ባጃጅ አስቁሜ አሳፈርኋቸው። እየሣቁ ሄዱ።

አስፋልቱ ዳር ብዙ ቆምሁ። ከባድ መኪኖች ወደ ጎንደር ያልፋሉ። ደስ ሊለኝ ወይም ልናደድ ይገባኝ ነበር፤ አንዱም አልመጣም። እናቴ ያን ውሸት የሠራችው ለመንደሩ ነው፤ ሴቶቹም እያወቁ ተቀበሉላት፣ ማሳችንም ታጨደ። በዚያ ቀን ከነበርነው እውነት ብሎ የያዘው አጎቴ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የተቀየምሁትም እኔ ብቻ።