የግራ እጅ ስፌት

በሰኞ ገበያ የእትዬን ስፌት የማያውቅ አልነበረም። ከኩታበር የሚመጡ ሙስሊም እናት ነበሩ፤ ግራኝ። ሌላው ሰፊ ሁሉ ወስፌውን በቀኝ ስለሚይዝ ስፌቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ የእሳቸው ወደ ሌላው። የገበያው ሴቶች መሶብ አንስተው ገና ሳያገላብጡ “የእትዬ እጅ ነው” ይሉ ነበር።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ የጴንጤ ቤት ልጅ። ከእሳቸው ጎን ተቀምጬ የሰፉትን በስልኬ እያነሳሁ ፌስቡክ ላይ እለጥፋለሁ፤ ደንበኛ ከኮምቦልቻም ከአዲስ አበባም ይደውላል። ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር፣

“ማሻአላህ በይ እንጂ! የሰው ዓይን እንዳይበላው” ይሉኛል።

“በኢየሱስ ስም ምንም አይነካውም!”

“አንቺ ደሞ!” ብለው ይስቃሉ። ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣበት ሰሞን አንዲት የኮምቦልቻ ሴት ለልጇ ሠርግ መሶብ አዘዘች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እንዲሆንላት። እትዬ ሰፉ፣ እኔ አንስቼ ለጠፍኩ። በማግስቱ አንድ የማላውቀው ሰው ፎቶውን ወስዶ፣ የገጼን ስም ቆርጦ ጥሎ፣ “ኮከብ የሌለው ባንዲራችን” ብሎ ጻፈበት። ሀገሩ ሁሉ ሲቀባበለው ዋለ። በዚያን ጊዜ ኮከብ የሌለው ባንዲራ ያሳስር ነበር። መሶብ ላይ ደግሞ ኮከብ ማን ይሰፋል? ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም። እሱ ጽፎ ተኛ፤ እንቅልፍ ያጣነው እኛ ነን።

የኮምቦልቻዋ ሴት ደውላ “መሶቡን አልፈልገውም፤ ሁለተኛ እንዳትደውይልኝ” አለችና ዘጋችው። መሶቡን በአንሶላ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ከተትኩት፤ ገጼንም አጠፋሁ። ፎቶው ላይ ፊት የለ፣ ስም የለ፣ ማን ያውቀናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስፌቱ ራሱ ስም መሆኑ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

በሰኞው ጃኬት የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ስልኩን ይዞ በየመደቡ እየቆመ “ይቺን መሶብ የሰፋው ማነው?” ይላል። ሴቶቹ ስልኩ ላይ አጎንብሰው ያያሉ። ሁሉም ስፌቱ ወደ የትኛው ወገን እንዳዘነበለ አይተዋል፤ ፊታቸው ላይ አነበብኩት። አንዷ “እኔ እንጃ” አለች፤ ሌላዋም “እኔ እንጃ።” ወደ እኛ ሲቀርቡ እትዬ ወስፌውን ከግራ እጃቸው አውርደው እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ደበቁት።

“እናት፣ የማን እጅ ነው?”

“ዓይኔ ደክሟል ልጄ፤ አይታየኝም።”

ሰውየው አያቸው፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። “ሳናገኛት አንቀርም። በየሰኞው ነው የምንመጣው” አለና አለፈ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ከገበያ ቀሩ። ወስደዋቸው ይሆን እያልኩ ስባንን ከረምኩ። አላስቻለኝም፤ ሚኒባስ ተሳፍሬ ኩታበር ወረድኩ። በራቸው ላይ ተቀምጠው ሲሰፉ አገኘኋቸው፤ ወስፌው በቀኝ እጃቸው ነው። የግራ ጣቶቻቸው በወስፌ ተወግተው ቆሳስለዋል፤ ስፌቱ የጀማሪ ይመስላል፣ አንዱ ላልቶ አንዱ ጠብቆ።

“እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“አብሽሪ ልጄ፣ እለምደዋለሁ።” ቀና ሳይሉ ነው የሚያወሩኝ። “አባቴ በአርጩሜ እየገረፈ ሊያስተወኝ ያልቻለውን ግራ እጅ፣ እነዚህ በአንድ ጥያቄ አስተዉኝ። ወላሂ፣ አባቴ ቢያይ ይስቅ ነበር።”

እኔ አለቀስኩ። ላጽናና ሄጄ እሳቸው አጽናንተው ሸኙኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ተመልሰው መጡ፤ አንዲት ትንሽ መሶብ ብቻ ይዘው። ጃኬት ለባሾቹ ከማዶ ቆመዋል። ስፌቱ እንደማንኛውም ሰው ስፌት ያዘነብላል። ለዓመታት አጠገባችን የነገደችው ሴት መሶቧን አነሳች፣ አገላበጠች፣ ወደ ብርሃኑ አዙራ አየቻት። ለሰዎቹ ብላ እያስመሰለች መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን የምሯን ነበር።

“ይሄ ደሞ የማን እጅ ነው?” አለች።

እትዬ ፊት ለፊታቸውን እያዩ፣ “እኔ እንጃ” አሉ።