በተዘጋው ሱፐርማርኬት ግቢ ሠላሳ ጊዜ ስምንት ቁጥር

ሃጊዋራ ሱሚኤ ያን ጠዋት ከቤት የወጣችው ባሮ ሽንኩርት ልትገዛ ነበር። ስሟን በትልቁ የጻፈችበትን የባዶ ጠርሙስ ከረጢት ከቆሻሻ መሰብሰቢያው አጥር ስር አስቀመጠች። ከዚያ ከተዘጋ አራት ዓመት ያለፈውን ሱፐርማርኬት ግቢ ስታቋርጥ፣ በባዶው የመኪና ማቆሚያ አንዲት ዝቅ ያለች ቀይ መኪና ስትዞር አየች። በቀኝ ዞረች፣ በግራ ዞረች፣ እንደገና በቀኝ። ከሰው እርምጃ ብዙም አትፈጥንም። በታጠፈች ቁጥር ከሆዷ ስር ጓ፣ ጓ፣ ጓ የሚል ድምፅ ይወጣል። መሪውን የያዙት ነጭ ፀጉር ሽማግሌ ደግሞ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለብቻቸው ያወራሉ።

ሱሚኤ ሥልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንዱን በፖስታ ቤት መስኮት አሳልፋለች፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ የሰፈሩ አረጋውያን ጠያቂ አድርጎ ሾሟታል። ሹመቱ ደመወዝ ባይኖረውም ባጅ፣ ማስታወሻ ደብተርና የመርሳት ምልክቶች የተዘረዘሩበት ካርድ አለው። ካርዱን በቃሏ ታውቀዋለች። ነጥብ ሦስት፣ ያለ ምክንያት አንድ ቦታ መዞር። ነጥብ አምስት፣ ለብቻ ማውራት። በሁለት ዓመት ሹመቷ ሁለት ነጥብ ባንዴ ያሟላ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። ማዘኗ እውነት ነው፤ ግን ውስጥ ውስጡን ደስ ሳይላት አልቀረም።

ወዲያው ማዘጋጃ ቤት ደወለች።

«መኪና ይዘው ከሆነማ ለፖሊስ ማስተላለፍ አለብኝ» አለ የአረጋውያን ክፍሉ ሠራተኛ። «ሐኪም ፊት ያቀርቧቸዋል። መንጃ ፈቃዳቸውንም ሊያጡ ይችላሉ። እርግጠኛ ነዎት?»

«ላናግራቸውና እደውልልሃለሁ።»

«ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ራሴ ደውዬልዎት አስተላልፋለሁ።»

ሱሚኤ እጇን አንስታ መኪናዋ ፊት ቆመች። መኪናዋ አንድ ጊዜ ጓ ብላ ቆመች። መስታወቱ ወረደ።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ? መንገድ ጠፋዎት እንዴ?»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «እኔ አባባ ከሆንኩ እርስዎም እማማ መሆንዎ ነው። ካራሳዋ ቶኩጂ እባላለሁ። መንገድስ አልጠፋኝም፤ ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ነኝ።»

«ዐሥራ ዘጠነኛው ምን?»

«ስምንት ቁጥር። ሠላሳ መሙላት አለብኝ። እርስዎ ነዎት ያቋረጡኝ።»

ሱሚኤ አንገቷን ነቀነቀች፤ ካርዱ «አይከራከሯቸው» ይላል። ከመሪው ኋላ ሁለት የቆርቆሮ ክዳኖች ተቀምጠዋል። በግራው ዐሥራ አንድ የቡሎን ዳዶ፣ በቀኙ ዐሥራ ዘጠኝ።

«ቤት ውስጥ ሰው አለዎት?»

«ባለቤቴ አለች። እስከ አራት ሰዓት ድርሽ እንዳትል ብላ አስወጥታኛለች።»

«ምነው?»

«በዚህ ጩኸት ምክንያት። አርባ ዓመት ግቢዋ ውስጥ ስዞር ቻለችኝ። ዘንድሮ ጎረቤታችን ሕፃን ወለደችና ባለቤቴ ከሕፃኑ ጋር ወገነች።» በሩን ከውስጥ ከፈቱላት። «የሚጠይቁኝ ካለ ይግቡ። ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ መዞር አለብኝ።»

ሱሚኤ ገባች፤ መግባቷስ ወደ ጉድጓድ እንደ መውረድ ነበር። መኪናዋ ተነሳች፣ ጓ ጓውም ከወንበሩ ስር ቀጠለ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ምን እንደተሰበረ ጠየቀች።

«ምንም አልተሰበረም። ዲፈረንሻሉ ነው» አሉ ካራሳዋ ሳን («ሳን» በአገሩ አነጋገር እንደ «አቶ» እና «ወይዘሮ» ነው)። «መኪና ስትታጠፍ የውጭው ጎማ ብዙ ይሮጣል፣ የውስጡ ትንሽ። ዲፈረንሻል ሁለቱንም እንደየፍጥነታቸው ይለቃቸዋል። ደግ ነው፣ ግን ሞኝ። ተራራ ላይ በኃይል ስትታጠፍ የውስጡ ጎማ ይንሳፈፋል። ያኔ የሞተሩን ጉልበት የሚወስደው አየር ላይ የሚሽከረከረው ነው። መሬት የረገጠው እጁን አጣጥፎ ይቀራል።»

«ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይገባኛል» አለች ሱሚኤ፣ ሳታስበው።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እኔ እዚያ ውስጥ እንደ ፍሪሲዮን ሸራ ያለ እደረድራለሁ። አንዱ ጎማ ብቻውን ልሩጥ ሲል ሸራው ይይዘውና ወዴት ነው ይለዋል። አዲስ ሲሆን ግን ግትር ነው፣ ይጮኻል። በሁለቱም በኩል ቀስ አድርጌ ካላላመድኩት ይቃጠላል።» አንድ ዳዶ ከግራ ወደ ቀኝ አሻገሩ። «ሃያ።»

በዐሥራ አምስት ዓመታቸው የትራክተር ጥገና ገቡ፤ ከዚያ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በሰማንያዎቹ የአካባቢው ጎረምሳ ሁሉ ሌሊቱን በሃሩና ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በመኪና ሲበር ያድርና እሁድ ጠዋት የተቃጠለ ሸራውን ይዞላቸው ይመጣ ነበር።

«እርስዎም አብረዋቸው ይወጡ ነበራ» አለች ሱሚኤ፤ እሷ እንኳ የዚያ ዘመን ጩኸት ትዝ ይላታል።

«እኔ? አንድ ቀን ወጥቼ አውቃለሁ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አስመለሰኝ። መኪና ያቅለሸልሸኛል።» ይህን ሲናገሩ ምንም እፍረት የለባቸውም። «ዝናዬ እስከ ናጋኖ ደርሷል፤ ከእግረኛ በላይ ፈጥኜ ግን አላውቅም።»

«ይቺስ የማን ናት?»

«የጥርስ ሐኪሙ የኦኩማ። በሃያ ሁለት ዓመቱ ሸጣት፣ በሃምሳ ስድስቱ ፈልጎ አገኛት። ሲሸጣት ፀጉር ነበረው። ጓ ጓዋ እስኪጠፋ አለሳልሳታለሁ ብለው፣ እባክህ ጨርሰህ አታጥፋው ብሎ ለመነኝ። ከሱቅ ግቢ ሲወጣ ሰው ዞር ብሎ ካላየው ምኑን የስፖርት መኪና ሆነች? ሃያ ሦስት።»

«ይሄን መዞር ኦኩማ ሳን ራሳቸው ቢዞሩትስ?»

ካራሳዋ ሳን ፊታቸው ተለወጠ። «ሸራው መቼ እንደተላመደ የሚነግረኝ ድምፁ ነው፤ በመቀመጫዬ ነው የምሰማው። መንዳት ካቆምኩ የሠራሁትን አላውቀውም፣ የማላውቀውን ደግሞ ለሰው አልሰጥም። የሚቀጥለው ወር መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ነው። ሰባ አምስቴን ስላለፍኩ ማስታወሴን ይፈትኑኛል። ልጄ ፈቃድህን መልስ፣ በምትኩ የአውቶቡስ ትኬት ይሰጡሃል ትለኛለች። ሰፈራችን አውቶቡስ የለውም።»

ሱሚኤ በቦርሳዋ ውስጥ ያለው ስልክ ከበዳት። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው፤ ነጥብ አንድን፣ ቀን መርሳትን፣ አወጣች።

«ካራሳዋ ሳን፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ረቡዕ፣ ዐሥራ ሦስት።»

ሱሚኤ ወደ እሳቸው ዘንበል አለች። «ሐሙስ ነው እኮ» አለች ለታማሚ በሚነገር ድምፅ። «ሐሙስ፣ ዐሥራ አራት።»

ሽማግሌው አልተከራከሩም። «ሃያ ስድስት» ብለው ዳዷቸውን አሻገሩ።

በዚህ መሐል የቆሻሻ መኪናው ዜማውን እያሰማ አጥሩ ጋ ቆመ። ሠራተኛው የሰፈሩን ፕላስቲክ ሁሉ እየለቀመ ጫነ። አንድ ከረጢት ብቻ ቀረ። አንስቶ አየው፣ ቀይ ወረቀት ለጠፈበት፣ መልሶ አስቀመጠው፣ ሄደ። ቀይ ወረቀቱ ምን እንደሚል በዚያ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ከሩቅ ያውቃል፤ «ቀኑ አይደለም» ነው። ጠርሙስ ሐሙስ፣ ፕላስቲክ ረቡዕ። በከረጢቱ ላይ ደግሞ በትልቁ፣ ከመኪናዋ ሳይወርዱ በሚነበብ ጽሕፈት፣ ሃጊዋራ ሱሚኤ ይላል።

ካራሳዋ ሳን ከረጢቱን አዩ፣ ባጇን አዩ፣ መሪያቸውን ወደ ግራ አዞሩ። «ሃያ ሰባት» አሉ።

ስልኩ ጠራ።

«ሃጊዋራ ሳን፣ ሩብ ሰዓቱ ሞልቷል። ላስተላልፍ?»

«አታስተላልፍ። ስህተት ነው።»

«የማን ስህተት?»

ሱሚኤ ጥያቄውን ዘለለችው። «መኪናዋን እያላመዷት ነው። ሥራቸው ነው።»

«ቀኑን ጠየቋቸው?»

«ጠየቅኋቸው። ያውቃሉ።»

«ጥሩ። እንግዲያው ረቡዕ፣ ዐሥራ ሦስት፣ ጉዳዩ ተዘግቷል ብዬ ልጻፍ?»

«እንደሱ ጻፍ» አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

የቀሩትን ሦስት ዳዶ ካራሳዋ ሳን ሳይጠይቋት ራሷ እየቆጠረች አሻገረች። ሠላሳኛው ላይ ጓ ጓው ወፍሮና ለስልሶ ከርቀት እንደሚዘጋ በር ሆኖ ነበር። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው በመቀመጫቸው አዳመጡ። «በቃ። አሁን ዘይቱን ቀይሬ ለኦኩማ እሰጠዋለሁ» አሉ።

ሱሚኤ ከጉድጓዱ በሁለት እጇ ተደግፋ ወጣች። አጥሩ ጋ ሄዳ ከረጢቷን አነሳች፤ ጠርሙሱ በእጇ ላይ ሲንኳኳ የመኪናዋን ያህል የጮኸ መሰላት። ካራሳዋ ሳን መኪናዋን ቀስ አድርገው አጠገቧ አቆሙና መስታወቱን ዝቅ አደረጉ።

«ሱሚኤ ሳን፣ ጠርሙሱ ነገ ነው» አሏት። «ነገም ሌላ ዲፈረንሻል አለኝ። ቀኑ ከጠፋብዎት እዚሁ ስዞር ያገኙኛል።»