ቆሞ የሚሠራ መኪና

እንጀራዬ ዲናሞ መጠቅለል ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሱቄ የመኪና ዲናሞ እፈታለሁ፣ የተቃጠለውን ሽቦ አውጥቼ ወፍራም መዳብ እጠቀልልበታለሁ፤ የመኪናውን መብራት ብቻ ያበራ የነበረው ዲናሞ ከዚያ በኋላ የሠርግ ድምፅ ማጉያ ያስጮኻል። በፒክአፕ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ከይጁቤ ገበያ እስከ ዲማ የሚዞር ሁሉ ደንበኛዬ ነው። በአገሩ ላይ ከሚሰማው ጩኸት ግማሹ የእኔ ጥፋት ነው ማለት ይቻላል። ንስሐ ግን አልገባሁበትም።

አባቴ ሥራዬን ንቆት ኖሯል። ዕድሜውን በመርጡለ ማርያም መንገድ ሚኒባስ ሲነዳ የጨረሰ ሰው ነው፤ ለእሱ መኪና ማለት የሚሄድ ነገር ነው። ባትሪ ለመሙላት ሞተር አስነስቶ የቆመ ሰው ሲያይ፣ «ቆሞ ነዳጅ የሚጠጣ መኪናና ቆሞ የሚያወራ ሹፌር አንድ ናቸው» ይል ነበር።

እግዜር ደግሞ ቀልድ ያውቃል። የአባቴ ሳንባ ታመመ፤ ሐኪሞቹም ያለ ኦክስጅን መኖር አይችልም አሉ። ሆስፒታል አልተኛም ብሎ እንቢ ስላለ የኦክስጅን ማሽን ገዝተን ቤት አመጣን። ማሽኑ ኦክስጅኑን ከአየር ላይ ለቅሞ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫው ይልካል፤ የሚጠይቀው ነገር ቢኖር መብራት ብቻ ነው። መብራት ደግሞ እኛ ጋ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው፤ ምሰሶው ከደጃችን ቆሟል፣ ወተቱን ግን የምናየው ሲፈልገው ነው። ሶላር ግዛ ያሉኝም ነበሩ። በሐምሌ ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይን የሚያምን ሰው ይመክረኛል!

ስለዚህ ጓሮ ቆማ የነበረችውን የአባቴን አሮጌ ሚኒባስ አስነሳኋት። የእሷን ትንሽ ዲናሞ አውጥቼ የትልቅ አውቶቡስ ዲናሞ ገጠምኩላት፤ መያዣውን ብረት በይጄ፣ የሚያዞረውን ቺንጊያ ድርብ አድርጌ። ሞተሩ ቆሞ በዝግታ ሲሠራም ዲናሞው በፍጥነት እንዲዞር ቺንጊያው የሚጠመጠምበትን ፑሊ አሳነስኩት። የቆመ መኪና ነፋስ ስለማያገኝ ዲናሞው በሙቀት እንዳይቃጠል ከአሮጌ ኮምፒውተር የፈታሁትን ማራገቢያ አሰርኩበት። ከተሳፋሪ ወንበሮቹ ሥር ባትሪ ደረደርኩ፤ ከዚያ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር ገጥሜ በመስኮት በኩል ባለ ሶኬት ገመድ ወደ አባቴ አልጋ ዘረጋሁ። የሞተር ማስነሻውንም ባትሪ ለይቼ አላስቀመጥኩትም፤ አቅም አይባክን ብዬ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ አሰርኩት። እንዲህ ያለ ብልሃት የሚመጣው ለእኔ ብቻ ነው ብዬም ኮራሁ።

መጀመሪያ ያስነሳሁ ዕለት አባቴ ከአልጋው ሆኖ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ።

«ሞተሯ ታቃስታለች» አለ።

«ዲናሞው ከብዷት ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲህ ሁለታችንም እያቃሰትን መኖራችን ነዋ!»

ነዳጅ እንደ ጠበል በሰልፍ የሚገኝ ስለሆነ ሞተሩን ቀኑን ሙሉ አላስነሳውም፤ ባትሪዎቹ ሲደክሙ አስነስቼ እሞላቸዋለሁ፣ ከዚያ አጠፋለሁ። ሒሳቤ ትክክል ነበር። ሒሳቤ ውስጥ ያላስገባሁት ጎረቤትን ነው።

መብራት በጠፋ ቀን ከግቢያችን የሞተር ድምፅ ሲሰማ ሰፈሩ በሙሉ አባቴ ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ነው ብሎ ደንግጦ መጣ። ከመጡ በኋላ ሶኬት አዩ። ከዚያ ወዲያ በሽተኛ ጥየቃው በረታ። «እግዜር ይማርህ» ብለው ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ትንሽ ይተክዛሉ፣ ቀጥሎ እጅ ወደ ኪስ ይገባና ቻርጀር ይወጣል። አንዷ አጥሚት ይዛ ትመጣለች፣ የሦስት ልጆቿንም ስልክ። አጠገባችን ተከራይቶ የሚኖረው መምህር ፈተና ላውጣ ብሎ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ፀጉር ቆራጩ አባቴን ሊላጭለት መጥቶ ከላጨው በኋላ የነገ ደንበኞቹን አስቦ መላጫውን ሰካ።

እኔ እበግናለሁ። ይህ የሰው ትንፋሽ ነው፣ የቀበሌ ሶኬት አይደለም ልላቸው አፌ ላይ ይደርሳል። ግን አጥሚት ይዞ የመጣን ሰው ምን ብለው ይመልሱታል? ደግሞም ባለቤቱ አባቴ ራሱ ቱቦውን አፍንጫው ላይ እንዳደረገ፣ «ሰኩ ልጆቼ፣ ሰኩ» ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ከጠፋ ውሎ አድሮ ነበር። ባትሪዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ሞተሩን አስነሥቼ ገና መሙላት እንደጀመርኩ የንስሐ አባታችን ድርሳንና ጠበል ይዘው መጡ። ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ ሶኬቱም በስልክ። እሳቸው መጽሐፉን ገለጡና የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ኧረ በታማሚ ራስ ላይ ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው? አጥፉልኝ» አሉ።

ልናገር አፌን ስከፍት በሩ አጠገብ የቆመው መምህር ወጥቶ አጥፍቶት ተመለሰ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሕፃናት እንዳይነኩት ብሎ ቁልፉንም እኔ ሳላይ ኪሱ ከተተው። ንባቡ ተጀመረ። ድርሳን ሲነበብ ማቋረጥ እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ ጎጃም ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ እኔም ቶሎ ያልቃል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። የንስሐ አባታችን ግን መስመር አይዘሉም።

ማሽኑ ጲጵ ጲጵ ማለት ጀመረ። ሰው ሁሉ በቁጣ ዞር ዞር አለ።

«ኧረ ስልካችሁን አጥፉ!» አለች አጥሚት ያመጣችው ሴት። ሁሉም ኪሱን ደባበሰ። ስልኮቹ ግን ሶኬቱ ላይ ናቸው፤ የሚጮኸው የአባቴ ማሽን ነው። ወዲያው እሱም ዝም አለ።

አባቴን አየሁት። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለንባቡ አክብሮ ግን ድምፅ አላሰማም። ነውሩን ረሳሁት።

«አባ፣ ይፍቱኝ፤ አባቴ ሊሞት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ስልኮቹን ነቃቅዬ ወለል ላይ በተንኳቸው። ቁልፉን ፍለጋ ጋቢና ውስጥ ስርበተበት መምህሩ እያለቀሰ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ቁልፉን አዞርኩ። ሚኒባሷ ጭጭ። ያ የኮራሁበት ብልሃቴ ማስነሻውን ባትሪ ከሌሎቹ ጋር ጨርሶታል።

«ግፉ!» አልኩ። የዘረጋሁትን ገመድ በጥሼ መሪውን ያዝኩ። ሁሉም ገፋ። ፀጉር ቆራጩ፣ መምህሩ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረችው ባለ አጥሚቷ፣ የንስሐ አባታችንም መስቀላቸውን በጥርሳቸው ይዘው። በጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ ከግቢው አወጧት፤ ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። ተነሣች። ወደ ግቢው መለስኳት፣ ገመዱን በእጄ ቀጠልኩ፣ ነዳጁን ረገጥኩ። በመስኮቱ ማሽኑ እንደገና ሲተነፍስ ሰማሁ።

ሞተሩን እንደሚሠራ ትቼ ገባሁ፤ የአባቴ መልክ ቀስ በቀስ ተመለሰ። የንስሐ አባታችን ጭቃ በነካው ቀሚሳቸው ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ ግን ገና አልበረደልኝም።

«ከዛሬ ጀምሮ ማንም እዚህ ቤት እንዳይገባ! በሩን እዘጋለሁ!» አልኩ።

አባቴ እጁን አነሣ። ለንግግር የሚሆን ትንፋሽ እስኪሰበስብ ጠበቅነው።

«ልጄ፣ ባዶ መኪና ነድቼ አላውቅም» አለ። «ይህን ሁሉ አየር የምስበው ጣሪያ እያየሁ ልተኛ ነው?»

እኔ እሱን ለማቆየት ነበር የምለፋው፤ ለምን መቆየት እንደሚፈልግ ጠይቄው አላውቅም ነበር። አፈርኩ፤ ዕንባዬም መጣ። ጎረቤቶቹ ስልካቸውን ከወለሉ ለቃቅመው ለመውጣት ተነሡ።

«የት ልትሄዱ?» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮም፣ «አንተ፣ ሳይሞላ የነቀልከው የማን የማን ነው?» አለኝ።

አንድ በአንድ ተቀብዬ ሰካሁላቸው።