ከሚስቴ ጋር በእግር፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ

በ2008 ዓ.ም. የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። ሚስቴ ደግሞ በእኔ ግምት ስልሳ፣ በራሷ አቆጣጠር ሃምሳ አምስት። በዚያ ዓመት፣ የታኅሣሥ ብርድ የሱሉልታን ሜዳ ሲያነጣው፣ ሁለታችን ዕቃችንን አዝለን በተራራው ጀርባ ዞረን ሰበታ ድረስ በእግራችን ሄድን። ሰው ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ።

የሄድነው ለሽርሽር አይደለም። ሴት ልጃችን ያገባችው ሰበታ ነው። ከዚያ በፊት የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ተወልዶባታል። ምጡ ሳይታሰብ ቀድሞ መጣና እናቷ ስትደርስ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ልጅቷ አልወቀሰችንም። ብቻ እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «አንቺ ብትኖሪ» አለች። ያቺ «አንቺ ብትኖሪ» የምትባል ቃል ሚስቴ ሆድ ውስጥ ቀረች። እንደገና ማርገዟን ስንሰማ «ዘንድሮ ምንም ይምጣ ምን፣ ምጧን ከአጠገቧ ሆኜ ነው የማሳልፈው» አለች። ይህች ሴትዮ አንዴ ካለች አለች ነው። ግትር የሚሉት እኔን ነው፣ እሷን ስለማያውቋት።

ምን ይምጣ ስትል ማስተር ፕላን መጣ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ሱሉልታ ላይም ቡራዩ ላይም ሰበታ ላይም ገበሬ ይነሳል ተባለ። ወረቀቱን አላየሁትም፣ ያየ ሰውም አላገኘሁም። ግን ከእኔ ማሳ በታች የነበሩ ሰዎች ከዚያ ቀደም ብለው ተነስተዋል። አንዱ ዛሬ የገዛ ማሳው ላይ የቆመ ግንብ ዘበኛ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ወረቀቱን ማየት አላስፈለገኝም። ወጣቱ ወጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ወታደር መጣ፣ የሰው ልጅ ሞተ። በዓይኔ ያላየሁትን አልጽፍም፤ የጎረቤቴ ልጅ ለቅሶ ላይ ግን ተቀምጫለሁ።

በዚህ መሀል ልጃችን ደወለች። «እማዬ፣ ወገቤን እያለኝ ነው።» ባሏ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላይ ግንበኛ ነው፤ መንገድ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቷል። ከእኛ ሰፈርም ሚኒባስ ከቆመ ሰንብቷል።

ሚስቴ ስልኩን ዘጋችና «በእግር እንሄዳለን» አለች።

«ሰበታ? በእግር?»

«በወጣትነቴ አህያ እየነዳሁ ሰበታ ገበያ ውዬ እገባ ነበር እያልክ ዕድሜ ልክህን አደንቁረኸኝ የለም እንዴ? ወይስ ውሸት ነበር?»

ውሸት አልነበረም፤ ውዬ የምትለዋን ብቻ እሷ ናት የጨመረችው። ጎረቤቶች «በእንጦጦ ወርዳችሁ በከተማው እለፉ» አሉን። እምቢ አልኩ። ከተማውን ብታልፍም ከዓለም ገና ወዲያ ዝግ ነው። እኔ የማውቀው የጀርባውን መንገድ ነው፤ በተራራው ትከሻ ወደ ገፈርሳ፣ ከዚያ ቡራዩ አድሮ፣ በወጨጫ ግርጌ ሰበታ።

ዕቃውን የጫንኩት የፈረንጅ ቦርሳ ላይ ነው። ቦርሳው እንዴት እጄ እንደገባ ልንገራችሁ። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ሁለት ወጣት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ማሳዬ ዳር ድንኳን ተክለው አድረው ነበር። ሥራቸው አገር ለአገር በእግር መዞር ነው። ልጃችን ያኔ ገና አላገባችም፣ እንግሊዝኛውን እሷ አስተረጎመችልን። በስልካቸው ፎቶ አሳዩን። ደቡብ አሜሪካ ነው አሉ። ከእኛ ደጋ የባሰ ደጋ፣ ድንች የሚቆፍሩ ገበሬዎች፣ ባርኔጣ ያደረጉ ባልቴቶች፣ አንገቱ የግመል ጠጉሩ የበግ የሆነ እንስሳ። ከዚያ ነጭ ሜዳ መጣ። ውርጭ መስሎኝ ነበር፣ ጨው ነው አሉኝ። ሰማይ እስኪገጥም ድረስ ጨው፤ እነሱ ሁለቱ ቦርሳቸውን አዝለው በመሀሉ ይሄዳሉ።

«ይህን ሁሉ ጨው ከብት ሳይልሰው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሚስቴ ደግሞ «ልጅ የላቸውም? እናቶቻቸውስ ያውቃሉ?» አለች።

ልጃችን የእኔን ተረጎመች፣ የእናቷን ዋጠችው። በማግስቱ ሲሄዱ አንዱን ቦርሳ ዚፑ ተበላሽቶ ስለነበር ትተውልን ሄዱ። በወስፌ ሰፋሁት፣ ጥሩ ቦርሳ ወጣው። ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ አለው፤ ሸክሙን ከትከሻ ላይ ያነሳልሃል። ያን ቀን ለአራስ ገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄት ከታች አደረግሁ፣ ቅቤውን በላስቲክ ቋጥሬ ከላይ።

«ቅቤውን ለእኔ ስጠኝ፣ ቅጠል ጠቅልዬ በእጄ እይዘዋለሁ» አለች።

«ቦርሳ እያለ በእጅ?» አልኳት።

ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ሽቅቡን ስንጨርስ ፀሐይ ወጣች። ከእሷ ጋር ለሁለት ብቻችንን መንገድ ከሄድን ስንት ዘመን እንደሆነን አላውቅም። ለገበያ ስንሄድ እኔ ከፊት ነኝ፣ እሷ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ናት። ያን ቀን ግን ከጎኔ ነበረች። ስታነክስ አየሁና ቀስ አልኩ፤ ቀስ ማለቴን አየችና «ምነው፣ ደከመህ?» አለችኝ።

እኔ የምመራው በባሕር ዛፍ ነው። አንድ ትልቅ ደን አለ፣ እሱን ቀኝህ አድርገህ ከወረድክ ገፈርሳ ነው። ሄድን፣ ሄድን፣ ደኑ የለም። ደኑ በነበረበት የድንጋይ አጥር ቆሟል፣ አናቱ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በሩ የት እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

«መንገዱ በዚህ ነው» አልኩ።

«ግድግዳ ነው» አለች።

«ከግድግዳው ወዲያ ነው።»

«እንግዲህ አንቱ ግድግዳውን ይዝለሉት፣ እኔ እዞራለሁ።» ስትናደድ አንቱ ትለኛለች።

ዞርን። አጥሩ አልቆ ሌላ አጥር ጀመረ። የአበባ እርሻ ላስቲክ ቤት መጣ። እኔ ቀና ብዬ የማውቀውን ጋራ አየሁ፣ ጋራው እንኳ አልተነሳም ብዬ ደስ አለኝ። በዚህ ላይ ውሾች ተከተሉን። መጀመሪያ አንድ፣ ኋላ የሰፈሩ ሁሉ ውሻ። ድንጋይ ባነሳ ይሸሻሉ፣ መልሰው ይመጣሉ፤ አይጮሁብንም፣ ዝም ብለው ከኋላዬ ያሸታሉ።

ገፈርሳ ውኃው ዳር ስናርፍ ምክንያቱ ታወቀ። ቦርሳውን ሳወርደው ጀርባዬ ረጥቧል። ላብ መስሎኝ ነበር። ፀሐዩ ቅቤውን አቅልጦት፣ ቋጠሮው ለቆ፣ ከፊሉ ዱቄቱ ውስጥ ገብቷል፣ ከፊሉ የለበስኩት ኮት ላይ። ሚስቴ እጇን ቦርሳው ውስጥ ከተተች፣ አወጣች፣ አየችው። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች።

«ገንፎውን ጀርባህ ላይ ነው የሠራኸው! እሳት ብቻ ነው የቀረው!»

«ቢያንስ ቅቤው አልቀረበትም» አልኩ።

ቋጠሮው ውስጥ የቀረውን ጥቂት ቅቤ በውኃው አቀዝቅዛ፣ ከማሳ ዳር በቀጠፈችው የጎመን ቅጠል ጠቅልላ በእጇ ያዘች። ውኃውን እያየን ቆሎ ቆረጠምን።

«እነዚያ ጨው ላይ የሚሄዱት» አለች፣ «እነሱም እንዲህ ይጣሉ ይሆን?»

«ጨው ላይ ምን አጥር አለ፣ በምን ይጣላሉ?»

«ልጃችን ጋ አትደውልም?» አለች ወዲያው። ሳቁ ጠፋ። ስልኩን ሞከርኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ተነስተን ሄድን።

ቡራዩ መግቢያ ላይ አመሸን። ጎማ ተቃጥሎ ሽቦው ብቻ ቀርቷል፣ ወጣቶች መንገዱን ይዘዋል። አንዱ ቦርሳዬን ተጠራጠረው። ልክ ነው፣ የፈረንጅ ቦርሳ ያዘለ ሽማግሌ ማንን አያጠራጥርም?

«ኦቦ፣ አካም ጅርቱ» ብሎ በአክብሮት ሰላም አለኝ። «ምንድን ነው ውስጡ?»

«እጅህን ከትተህ እየው።»

እጁን ከተተ፣ እስከ ክንዱ ቅቤና ዱቄት ሆኖ አወጣው። ጓደኞቹ ፈነዱ። «ፋዘር፣ ሠርግ ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

ሚስቴ በኦሮምኛ ነገረቻቸው፤ ልጄ ምጥ ላይ ናት፣ ባለፈው አልደረስኩላትም አለች። ሳቃቸው ቆመ። ያ እጁን የከተተው ልጅ ራሱ እናቱ ቤት ወሰደን። ሴትዮዋ እኔን መደብ ላይ አስተኛችኝ፣ የሚስቴን እግር በሞቀ ውኃ አጠበችላት። ሁለቱ ሲያወሩ አደሩ መሰለኝ፤ እኔ ተኝቻለሁ።

ሁለተኛው ቀን ሳቅ አልነበረውም። ስልኩ ጭራሽ ዝግ ሆነ። የሚስቴ እግር አብጦ ጫማው አልገባ አለ፤ ተረከዙን ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ ጎተተችው። ነጠላዋን፣ የውኃ ጀሪካኗን፣ ሁሉንም ተቀበልኳት። ቅቤዋን ግን አልሰጠችኝም።

«ላዝልሽ?» አልኳት በወጨጫ ግርጌ ስናርፍ።

«የሸክም አህያ ብቻ ነበርክ፣ አሁን ደግሞ በቅሎ አማረህ?» ብትለኝም ድምፅዋ ተሰብሯል። እግሯን እያሸች «ባልደርስስ?» አለች።

ማጽናናት አላውቅበትም። «ትደርሻለሽ። ተነሺ» አልኳት። ክንዷን ይዤ አስነሳኋትና ከዚያ በኋላ አልለቀቅኋትም። በቀን፣ ሰው እያየ፣ ሚስቴን ክንዷን ይዤ ሄድኩ። በእኛ አገር ይህ ሽማግሌ ያደርገዋል ተብሎ የሚወራ አይደለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰበታ ገባን። የልጃችን ቤት ተቆልፏል። ሚስቴ በሩን በመዳፏ መታችው። ጎረቤት ወጣችና «እማማ፣ ጤና ጣቢያ ናት፣ ጠዋት ምጥ ያዛት» አለች። አስፋልቱ በድንጋይ ስለተዘጋ መኪና አልገባላትም፤ መንገዱን የዘጉት ልጆች ራሳቸው በቃሬዛ ተሸክመው አድርሰዋታል።

«ወልዳለች?»

«እኔ እስከማውቀው አልወለደችም።»

ያቺ እግሯ ያበጠ ሴትዮ ሮጠች። ከኋላዋ መድረስ አቃተኝ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው «እማማ፣ ሰዓት አልፏል» ሲላት እጁን እንደ ቅርንጫፍ ገለል አድርጋ ገባች። እኔን ግን ወንድ ነህ ብሎ አቆመኝ። ደጁ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ የልጄ ድምፅ መጣ። «እማዬ! እማዬ መጣሽ!» የምጥ ጩኸት አውቃለሁ፣ ይህኛው ግን ሌላ ነበር። ዘበኛው ሲጋራ አቀረበልኝ፤ አላጨስም፣ ግን ተቀብዬ ያዝኩት። ጨለመ። ልጄ ጮኸች፣ ሚስቴ ስታባብላት ይሰማኛል፣ ደግሞ ጸጥ። ያ ጸጥታ እንዳይረዝም ለማርያም ነገርኳት። ከዚያ ሕፃኑ አለቀሰ።

አለቃቀሱ ኃይለኛ ነበር። ዘበኛው «ይህማ ሰው ነው» አለ።

ሚስቴ ወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ዘረጋች።

«ሴት ናት» አለች።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እናቷም ደህና ናት። አፍንጫዋ ያንተ ነው፣ እግዜር ይርዳት።»

ከዚያ ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ኮቴ አሁንም ቅቤ ቅቤ ይላል። «ደረስኩ» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለሌላ አላውቅም። «እጄን ይዛ ነው የወለደቻት። ደረስኩ።»

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ «አልጋው ለሌላ ይፈለጋል፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ቤታቸው ይሂዱ» አለች። ባጃጅ አገኘሁ፣ ባለባጃጁ ግን ድንጋዩን ፈርቶ ከአስፋልቱ ወዲህ ቆመ። መንገዱን ወደ ዘጉት ልጆች በእግሬ ሄድኩ።

«አራስ ላሳልፍ ነው፣ ክፈቱልኝ» አልኳቸው።

«አባባ፣ ለአንዱ ከከፈትን ሁሉም እለፍ እለፍ ይላል» አለ አንዱ።

«ሁሉም ወልዷል እንዴ?»

ሳቁና ድንጋዩን መግፋት ጀመሩ። እኔም አብሬ ገፋሁ። ባጃጁ ቀስ ብሎ አለፈ፤ ልጄ ሕፃኗን አቅፋ ተሸፋፍናለች፣ ሚስቴ እግሯን መቀመጫው ላይ ሰቅላ እንደ ወይዘሮ ተንፈላስሳለች፤ ከአንድ ግቢ ውስጥ ሴቶች እልል አሉ። ካለፉ በኋላ ልጆቹ ድንጋዩን ወደ ቦታው መመለስ ጀመሩ። እኔም ጎንበስ ብዬ ትልቁን አንስቼ አስፋልቱ ላይ መልሼ አስቀመጥኩና፣ እጄን አራግፌ በእግሬ ተከተልኳቸው።