ከአርባ ስምንት ቀጥሎ ስልሳ አምስት

መጽሐፌን ማን እንዳነበበው ያወቅሁት ከጌዶ በተደወለ ስልክ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ሰው አንብቦልኛል ብዬ አምቦ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

በራሱ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው የጀርባ ሽፋኑ ላይ አስተያየት የሚጽፍለት ያስፈልገዋል። ገዢ መጽሐፍ ሲያነሳ መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን ነው የሚያየው፤ እዚያ የታወቀ ሰው ከሌለ መልሶ ያስቀምጠዋል። እኔ ደግሞ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የምተይብ፣ ማንም የማያውቀኝ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ማተሚያ ቤቱን ለምኜ፣ ዋናው ህትመት ከመጠረዙ በፊት፣ ጀርባቸው ባዶ የሆነ አስር ናሙና በመኪና አስላክሁ። አንዱን ለቀድሞ የአማርኛ አስተማሪዬ ሰጠሁ። አንዱን የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ከመድረክ ለማይጠፋ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ። ሦስተኛውን በቴሌግራም ስለ መጻሕፍት ለሚጽፍ የጊንጪ ሰው።

ቶሎ አነበቡት። በጣም ቶሎ። ቲቸር በአራተኛው ቀን «አንዴ ከያዝኩት ሳላስቀምጥ ጨረስኩት» የሚል ሙሉ ገጽ ሰጠኝ። ኃላፊው የትውልድ ተስፋ አደረገኝ። የጊንጪው «እህቴ፣ ራስሽ ጻፊና ላኪልኝ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አለ። ጻፍኩለት። አንድ «እጅግ» ጨምሮ መለሰልኝ። እውነቱን ልናገር፣ አላፈርኩም። ደስ ብሎኝ ነበር።

መጽሐፉ ልቦለድ ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ቀን ግን የታላቅ እህቴ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ያጣችበት ቀን። ቤታችን ውስጥ ያን ቀን የሚያነሳው የለም፤ ዝም ተባለ፣ በቃ፣ እንደዚያው ቀረ። እኔ ዝምታ አልችልበትም። የጻፍኩትም ለዚያ ቀን ብዬ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደዚያ መሄጃና ከዚያ መመለሻ ነው። አንድ ሰው አንብቦት «አየሁት» እንዲለኝ ነበር የምፈልገው።

ስልኩ ሲጠራ የሰው ማመልከቻ እየተየብኩ ነበር።

«አከም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ? ደህና ነሽ፣ ልጄ? ከጌዶ ነው። ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። መጽሐፍሽን አነበብኩት።»

«እንዴ! ከየት አገኙት፣ ሲስተር?»

«የእህቴ ባል ሰጠኝ። እናንተ ጋ አስተማሪ ነው። እስቲ ላንብበው ብለው፣ ‹ውሰጂው፣ እኔ ጊዜ የለኝም› አለኝ።»

ቲቸር! አፌን ሳልከፍት ቀጠለች።

«ምጥ የያዛትን ልጅ ባጃጅ ላይ ጫንሻት። ገጹን ስገልጥ አክስቷ ቤት ድስት ታጥባለች። ማል ታቴ? ምን ሆነች? ወለደች? ሕፃኑስ የት ገባ? ሦስት ቀን ስፈልገው ሰነበትኩ።»

«ተጽፏል እኮ፣ ሲስተር! አስራ ስድስት ገጽ ሙሉ!»

«አርባ ስምንት አለ። ከአርባ ስምንት ቀጥሎ ስልሳ አምስት ነው። እኔ እንኳ ስንት ካርድ ስሞላ የምውል ሰው ቁጥር አይጠፋኝም።»

ከጠረጴዛው ስር የቀሩኝን ሰባቱን አወጣሁ። አርባ ስምንት፣ ስልሳ አምስት። ሁለተኛውም። ሰባቱም። የእህቴ ቀን ከማተሚያ ቤቱ ሳይወጣ ቀርቷል። የማተሚያ ቤቱ ስህተት ግን ምንም አይደለም። አንዲት ሴት በምጥ ባጃጅ ተሳፍራ ባዶ እጇን ወርዳለች፤ ሦስት የተማሩ ሰዎች «ልጁስ?» አላሉም።

በእረፍት ሰዓት ቲቸር ጋ ሄድኩ።

«ቲቸር፣ ገጽ ሃምሳ ስድስትን እንዴት አዩት?»

«እ... እሱማ ትልቅ ቦታ ነው። ብዕርሽ እዚያ ላይ ነው የጎለመሰው።»

«ገጽ ሃምሳ ስድስት የለም።»

«እንዴት የለም?»

«የለማ! የእርስዎ ኮፒ ደግሞ ጌዶ ነው ያለው።»

ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። ሳቀ! «አንቺ ልጅ፣ የጀርባ አስተያየት ማን አንብቦ ይጽፋል? ውለታ ነው እኮ። ለእኔም እንዲሁ ነው የተጻፈልኝ። ደስ አላለሽም ታዲያ?»

ብሎኝ ነበር። ደስ ያለኝ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። የጊንጪውም ጋ ደወልኩና «ልጁ እንደጠፋ አላየህም?» ብለው «የቱ ልጅ?» አለኝ። ዘጋሁበት። ኃላፊውን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ቅዳሜ የጎደሉትን ገጾች አትሜ ጌዶ ሄድኩ። ሲስተር ወፍራም፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ናት። ወረፋው እስኪያልቅ አስጠበቀችኝ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ አነበበች፤ እኔ ፊቷን አነበብኩ። ጨርሳ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«የማን ነው?»

«የእህቴ።»

«መስሎኛል። እውነቱን ልንገርሽ?»

«ለእሱ ነው የመጣሁት» አልኩ። ውሸቴን ነበር።

«በዝቷል። ሰው ያለቅሳል፣ ሰማዩ ያለቅሳል፣ ባጃጁም ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። አራት ገጽ ይበቃ ነበር። እኔ ስንቷን አይቻለሁ፣ ኢንታላ ኮ። አትጮህም። ዝም ብላ ጡቷን ታስራለች። ወተቱ ልጁ መሞቱን አያውቅማ፤ ይመጣል።»

እህቴ ያን ሰሞን ደረቷን በነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራ ስትዞር አይቻታለሁ። ብርድ መትቷት ነው ብዬ ነበር። አስራ ስድስት ገጽ ሙሉ ስጽፍ አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«እንደገና ብጽፈው ያነቡልኛል?»

«ካሳጠርሽው» አለችና ወደ ሥራዋ ገባች።

መናኸሪያው ጋ ቆሜ ማተሚያ ቤቱ ጋ ደወልኩ። የሦስቱንም ሰዎች አስተያየት አውጣው፣ ህትመቱንም አቁምልኝ አልኩት።

«እህት፣ ባዶ ጀርባ ማን ይገዛል?»

«እኔ እንጃ። አንተ ብቻ አቁመው።»

መኪናው እስኪሞላ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ለእህቴ ደወልኩ። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረስኳትም።

«ያኔ ደረትሽን ያሰርሽው... ወተቱ ነው?»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«መጽሐፉን ጻፍኩ አላልሽም እንዴ?» አለችኝ። «አሁን ነው የምትጠይቂኝ?»