የአክስቴ ሳቅ እና አምስቱ ሰከንዶች

የአክስቴ አማት እማሆይ «ይመለስ» አሉ! ትናንት አክስቴ ስንዱ ከሞጣ ደውላ ስትነግረኝ ክው ብዬ ቀረሁ። ያስለቀሰኝን፣ እያፈርኩ ያጠፋሁትን ቪዲዮ! ቻናል ለመክፈት ለምታስቡ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ እዚህ ቢቸና፣ በረንዳችን ላይ ነበር። ስልኬን በሁለት ጡብ መሃል አቁሜ እናቴ ሰፌድ ስትሰፋ ቀረጽኩ። ሲታይ ጭንቅላቷ የለም! ድምፁ ደግሞ ነፋስ ብቻ። ከዚያ ወዲህ የምቀርጸው ቤት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ሞክሬ አያለሁ።

በስፌት ግን ከአክስቴ ወዲያ ላሳር ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሞጣ ሄድኩ። ባሏ ካረፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ጥቁር ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች።

«እጄን ብቻ ቅረጪ» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ።

የተነከረው የስፌት ሣር፣ አክርማው፣ አጠገቧ ተከምሯል። ወስፌው ሲገባ ሲወጣ ለማሳየት ጠጋ ስል ስልኩ ከእጄ አምልጦ እርጥቡ አክርማ ላይ በግንባሩ ተደፋ። አክስቴ ጎንበስ ብላ አየችውና «ውይ፣ እሱም ደከመው! ተኛ!» ብላ በሳቅ ፈነዳች። የጀርባው ካሜራ ከሥር ሆኖ ሙሉ ፊቷን ቀድቶታል።

ስለ ቻናል የሚመክሩት ሁሉ «ሰው የሚያዘው በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ነው» ይላሉ። እኔም ሳቁን መጀመሪያ ላይ አድርጌ ለቀቅኩት። ያለችኝን ረሳሁት ብል ውሸት ነው፤ ሳቁ አጓጓኝ።

በማግስቱ የሟቹ ወንድም መጣ። ስልኩን ወደ አክስቴ ዘርግቶ «አርባው እንኳ ሳይወጣ? እማሆይ ይህን ካዩ ደጃችንን ትረግጫለሽ?» አላት። አክስቴ ዞራ እኔን አየችኝ። እንደዚያ ታይቼ አላውቅም።

ከቻናሉ ወዲያው አጠፋሁት። ሰው ሳይቀድመኝም እማሆይ ዘንድ ሮጬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ እጄን ብቻ ብላኝ ነበር።»

«እስቲ አሳዪኝ» አሉ።

ስልኬ ላይ የቀረውን አሳየኋቸው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አዩት። መቁጠሪያቸውን አነሱና «አርባው ይውጣ» ብለው አሰናበቱኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ እስከ ትናንት።

አርባው እሑድ ወጣ። ትናንት እማሆይ አክስቴን አስጠርተው «ልጄን ቀበርኩ፤ አንቺንም ከነነፍስሽ ልቅበርሽ? ፈቃድሽ ከሆነ ያ ሳቅ ይመለስ» አሏት! አክስቴም ለእኔ «መልሺው። ከእንግዲህ ፊቴንም ቅረጪ» አለችኝ።

ከዚህ የተማርኩት፦ ሰው «እጄን ብቻ» ካለ እጁን ብቻ ነው የሚቀረጸው። አምስቱ ሰከንዶች የእሱ ናቸው።

እማሆይ ሌላም ብለዋል። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ስፌት መማር የሚፈልግ ሁሉ አክስቴ ቤት ይምጣ፤ አክርማ አለ፣ ወስፌ ብቻ ይያዝ። ሞጣ ያላችሁ፣ ኑ። ስልክ የያዘ ግን መጀመሪያ በር ላይ ይጠይቅ።